ከቤት የወጣው ሲንቄ

መምህርት ጂቱ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቿ «ነገ ከቤታችሁ አንድ አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ኑ» ስትል ቃሏ የሰበታን እናቶች ከቤት ያወጣል ብላ አላሰበችም። ያሰበችው ሌላ ነው። የአካባቢ ታሪክ ካስጀመረቻቸው ወዲህ ልጆቹን አዲስ አበባ ወደሚገኝ ሙዚየም ልትወስዳቸው ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ዲሪባ ግን ሦስቱንም ጊዜ «እስቲ እናያለን» ብለው ሸኝተዋታል። ለአራተኛ ጊዜ መጠየቁን ዓይን አፋርነቷ አልፈቀደላትም። «በክፍል ውስጥ ትንሽ ሙዚየም ባዘጋጅ፣ አይተው ልባቸው ይራራ ይሆናል» አለች ለራሷ።

በማግስቱ ጠረጴዛው ሞላ። ሲድራ የአያቷን የሱቅ ሚዛን አመጣች፤ ቢቂላ የተሰነጠቀ ቀንበር እየጎተተ ገባ። ዱርሲቱ ደግሞ ከቁመቷ የሚበልጥ ቀጭን በትር ይዛ ብቅ አለች። የእናቷ ሲንቄ ነው።

ጂቱ ክው አለች። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ነው። አንዲት ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ያየች ሴት ሁሉ የራሷን አንስታ ትከተላታለች።

«በየት በኩል መጣሽ?»

«በገበያው።»

«ሰው አየሽ?»

«ሁሉም! እንዲያውም ከኋላዬ እየመጡ ነው።»

ወዲያው እልልታው ከግቢው በር ተሰማ። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በየእጃቸው ሲንቄ ይዘው ገቡ። ኦቦ ዲሪባ ከቢሯቸው እየሮጡ ወጡ፤ ሲንቄ የያዘችን ሴት ሳይሰሙ መመለስ ነውር መሆኑን ያውቃሉ።

«አካም ቡልተን፣ እናቶቼ! ምን ተፈጠረ?»

«እሱን እኮ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አለች የዱርሲቱ እናት ገለቴ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያጠበቀች። «ሲንቄዬ ከቤት ወጥቷል። የተበደለችው ማን ናት?»

ጂቱ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ጂቱ ቀጠለች፤ «ልጆቹን ሙዚየም ልውሰዳቸው ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄ መልስ አጣሁ።»

«ወይ ጉድ! ባል ሳታገቢ የሲንቄ አቤቱታ?» አሉ አዴ እልፍነሽ የሚባሉ አሮጊት። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

ገለቴ ግን ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች። «እውነቷን ነው?»

«እናያለን ነው ያልኳት…»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያዩ ዓይንዎ አልደከመም?»

ኦቦ ዲሪባ ላባቸውን ጠረጉ። «ቅዳሜ ይሂዱ። አውቶቡሱን እኔ እፈልጋለሁ።»

እልልታው እንደገና ቀለጠ። ገለቴ የልጇን ጆሮ ቆንጠጥ አድርጋ «ሁለተኛ ሳትነግሪኝ እንዳትነኪው!» ካለቻት በኋላ፣ ክፍል ገብታ ስለ ሲንቄው ለልጆቹ ታወራ ጀመር። ሌሎቹም የሚሄዱ አልመሰሉም፤ በልጆቹ መካከል ተጠጋግተው ተቀመጡ።

ጂቱ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ «ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብላ ጻፈች። ጆሮዋ ገለቴ ወሬ ላይ ስለነበር ፊደሉ ተንጋደደ። ልጆቹም እንደተንጋደደ ገለበጡት።