ካፕሱል አዳዩ ፀጉር አስተካካይ

ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» የሚለው አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ለዚህ ስም ያበቃው ትምህርት አይደለም፤ መሳቢያው ውስጥ ከመቀሱ ጎን የሚያስቀምጣት የካፕሱል ብልቃጥ ናት። ላስነጠሰውም ሆዱን ለቆረጠውም አንዳንድ ፍሬ ያድላል።

አንድ ሰሞን ክንዱ ላይ ክብ ነገር ወጣና ያሳክከው ጀመር። ሚስቱ ያን ጊዜ ለቶንሲሏ የታዘዘላትን ካፕሱል እየወሰደች ነበር። ትንሽ ሻል ሲላት «አንቺማ ድነሻል» ብሎ የቀረውን ለራሱ ዋጠው። በሳምንቱ የእሷ ጉሮሮ እንደገና አበጠ፤ የእሱም ክብ ሁለት ሆነ።

የሚስቱ ታናሽ እህት ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ጉዱን ስትሰማ ሁለቱንም እየነዳች ወሰደቻቸው። እህቷን ሐኪሙ ጋ አስገብታ፣ የእሱን ክንድ ፋቅ ፋቅ አደረገችና ቅርፊቱን ማይክሮስኮፕ ስር አኖረችው።

«እየው እስቲ ጋሼ።»

«ፀጉር ነው እኮ!»

«ፈንገስ ነው። ጭርት ያወጣብህ እሱ ነው፤ የሚፈልገው ቅባት ነው። የእህቴ ባክቴሪያ ነው። ካፕሱሉ የሚገድለው እሱን ነው፤ ያውም ካልነጠቅካትና ከጨረሰችው!»

ከሌላ ታካሚ ሰገራ የተወሰደ ናሙና ያለበት መስታወት አስገባች። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ኋላ ዘለለ።

«ይሄኛው ይሄዳል!»

«አሜባ ነዋ! የሆድ ጥገኛ ነው፤ የራሱ መድኃኒት አለው።»

«የጉንፋኑንስ አታሳዪኝም?»

«እሱ ቫይረስ ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ በዚህ አይታይም። ካፕሱልህንም ከቁብ አይቆጥረውም።»

ላቡን ጠረገ። «እና እስከ ዛሬ ሳድል የኖርኩት…?»

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ አዲሱን መድኃኒት ብብቷ ስር ወሸቀችው። «ይቺን ደግሞ ብትነካ!»

«እጄን ይቁረጠው!»

«እጅህንማ ተወው፤ የምንበላው በሱ ነው።»

ጭርቱ ወደ ደንበኞቹ እንዳይጋባ እስኪድን ድረስ ሱቁን ዘጋ። ማበጠሪያና መላጫውን ሁሉ በጀርም ማጥፊያ ዘፈዘፈ። ሚስቱም ያለ ነጣቂ መድኃኒቷን ጨርሳ ዳነች።

ሱቁን በከፈተ ዕለት አንድ ሹፌር ጎረቤታቸው እያስነጠሰ ገብቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ዶክተር፣ እስቲ ያቺን ነገር!»

«ጣልኳት። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ ውኃ ጠጣ፣ እረፍ። ከባሰብህ ጤና ጣቢያ ሂድ።»

«ምነው፣ መላጨቱን ትተህ የምር ሐኪም ሆንክ እንዴ?»

«ኧረ የለም! ሐኪምነቱን ትቼ ወደ መላጨቴ ተመለስኩ» አለና ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረለት።