የዙቤይዳ ሁለት ገጣቦች

ዙቤይዳ ሰው መናቅ የጀመረችው አህዮቹን ካገኘች በኋላ ነው የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። ከዚያም በፊት ትንቅ ነበር። አህዮቹ ምክንያት ጨመሩላት እንጂ።

ሐምሌ ላይ ነው፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ጅብ ይብላቸው ተብለው የተጣሉ ሁለት አህዮች፣ ጀርባቸው ተልቶ፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመው ያገኘቻቸው። ጊንጆ ሰፈር ያለው ግቢዋ አስገብታ ቁስላቸውን በጨው ውሃ እያጠበች፣ ከጓዳዋ ቀንሳ ፉርሽካ እየገዛች አዳነቻቸው። አንዷ ከዓይን ከራቀች ሌላዋ እህል አትቀምስም።

ጳጉሜን ሲቃረብ ቀበሌው ትእዛዝ ላከ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንግዶች በደጇ ባለው መንገድ ስለሚያልፉ አህዮቹ እስከ ዓርብ ካልወጡ ወደ ቦዬ ረግረግ ይነዳሉ። እዚያ ደግሞ ጅብ አለ። አሥር ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ጭቃ አይቶ ያላፈረ ቀበሌ በሁለት አህያ ፋንድያ አፈረ።

ሁለቱን ሳይነጥል የሚወስድ ሰው ትፈልግ ጀመር። መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ያለው ጎሳዬ መጣና ሰላም እንኳ ሳይል ያንዷን ከንፈር ገልብጦ ጥርስ ቆጠረ።

«አርጅተዋል» አለ።

«አንተስ?» አለችው። ለእሱ ለራሱ የቀሩለት ጥርሶች ለመቁጠር አያደክሙም።

ቀጥሎ እርሻ የሚማረው ኢስሃቅ መጣ። የጋማ ከብት ለምርት እድገት ያለውን አስተዋጽኦ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳት፤ አህያዋ ጅራቷን ስትወዘውዝ ግን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እሱም ሊሰናበት ሲል ጥርስ አየ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዓምደሚካኤልም በግል መጣ፤ ጥርስ አይቶ «አንዷን እኔ እወስዳለሁ» አላት።

«ሌላዋስ?»

«ሌላዋ በመመሪያው መሠረት።»

ዝንብ እንዳያርፍባቸው አሮጌ ነጠላዎቿን በጀርባቸው ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ከሦስቱ አንዱም ገልጦ አላየም።

ሐሙስ ከሰዓት ከሰቃ በኩል ደሬሳ የሚባል ቡና ጫኝ መጣ። ሰላምታ ሰጠ። ጥርስ አላየም። ነጠላውን ቀስ ብሎ ገልጦ ቁስሉ ዙሪያ መዳፉን አሳረፈ፤ አህያዋም ዝም ብላ ቆመችለት። ዙቤይዳ በሳምንቱ ውስጥ ሰው ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ደስ አላት። ወደ ሁለተኛዋ ዞሮ ግን ነጠላውን ሳይገልጥ እጁን በግራ ትከሻዋ ቁስል አጠገብ በትክክል አስቀመጠ።

«ቁስሉ የት እንዳለ ማን ነገረህ?»

«እኔው ነኝ ያቆሰልኳቸው፣ አዴ። የገበሬ ማኅበሩን ቡና ስጭን መደላድሉ አልቆ ነበር።»

«ወንዝ ዳር የጣላቸውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ። አይሠሩም፣ ጣላቸው አሉኝ። ጣልኳቸው።»

ውሸት ቢነግራት ይሻላት ነበር። «ጅቡ ካንተ ይሻላል» አለችው፤ «እሱ ርቦት ነው።»

«ኤዬ» ብሎ አመነ ደሬሳ አንገቱን ደፍቶ። «ቤቴ ዳገቱ ላይ ነው፣ ሣር አለ። ሁለተኛ አልጭንባቸውም፤ እምላለሁ።»

«መሐላህን ለራስህ ያዘው።»

ነገ ዓርብ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ከናቀቻቸው ሁሉ አብልጣ የናቀችው ይሄን ሰውዬ ነበር፤ የሠራውን አውቆ ያመነም እሱ ብቻ ነው። ገመዱን ወርውራ ሰጠችው። አንድ እርምጃ እንደማይከተሉት እርግጠኛ ነበረች።

«ኮታ» ብሎ ጠራቸው ደሬሳ። ጆሯቸውን አቁመው ተከተሉት። ሁለት ወር ያበላቻቸውን ሴትዮ ዞረው እንኳ አላዩም።

«አህዮች» አለች ዙቤይዳ። እንባዋ መጣ፤ በእንባዋም ተናደደች። ጓዳ ገብታ የተረፈውን ፉርሽካ ከነጆንያው እየጎተተች ደረሰችባቸውና ደሬሳን አስቆመችው። ጆንያውን ያንዷ አህያ ጀርባ ላይ ሊያደርግ እጁን ሲዘረጋ እጁን መታችው።

«ዙር» አለችው። ዞረ፤ እሷም ጆንያውን በጀርባው ጫነችበት።