በአቦ ዕለት የወረደው በረዶ

በረዶው የወረደው ጥቅምት አምስት፣ በአቦ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከጉና በኩል መጥቶ ያልታጨደውን ገብስ ከመሬት ለጠፈው፣ ጥቅል ጎመኑን ቦዳደሰው፣ የድንቹን ቅጠል ከነግንዱ ፈጨው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሲያባራ ከገሳይ ከተማ በላይ ባለችው መንደር ሳይነካ የቀረ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የውዴ ፖም።

ውዴ ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርታ ስትመለስ በአባቷ መሬት ላይ አሥራ ሁለት የፖም ዛፍ ተከለች። ዘንድሮ በመስከረም ደግሞ ከበላያቸው በረዶ የሚከላከል ነጭ መረብ ወጠረች። ያን ጊዜ መንደሩ፣ “ዛፎቿን ልትድር ነው፣ ቬሎ አለበሰቻቸው” እያለ ሲስቅ ከርሟል።

በማግሥቱ ጠዋት ግን የሚስቅ አልነበረም። ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ተሰበሰቡ።

“በአቦ ሥራ የያዘ ሰው አለ” አለ ፋንታው። ገብሱ አንድ ዘለላ ሳይቀር ረግፎበታል፤ የሚያበላቸው አምስት ልጆች አሉት። “የሁላችንን ሲቀጠቅጥ የሷን ለምን ተወው? በአቦ ጠዋት ቅዳሴ ስሄድ ከግቢዋ መዶሻ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!”

ከወንዶቹ መሐል የቆመው ይሻው እጁን ከኪሱ አላወጣም።

በአቦ ዕለት ሥራ የያዘው እሱ ነበር። ያለወቅቱ ሁለት ሳምንት የዘነበው ዝናብ የድንች በሽታ አምጥቶ፣ ከታች ያሉትን ማሳዎች በሦስት ቀን አጥቁሮ ወደሱ እየወጣ ነበር። መድኃኒቱ ደረቅ ቅጠል ይፈልጋል። በአቦ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ “አቦዬ፣ አንድ ጊዜ እለፉኝ” እያለ ማሳውን ረጭቶ ጨረሰ። የመድኃኒቱ ቢጫ ዱቄት ጥፍሩ ሥር ገብቶ በሳሙና አልለቅ ብሎታል። በረዶውን ያመጣው ያ ይሁን አይሁን አያውቅም፤ አይደለም ለማለት ግን ልቡ አልደፈረም።

“አበልጄ፣ መጥረቢያህን ይዘህ ና!” አለው ፋንታው። የመጨረሻ ልጁን ክርስትና ያነሣለት ይሻው ነው። ቢቀር ይጠረጠራል። ይዞ ሄደ።

የውዴ ወንድም ጥላዬ በር ላይ ዱላውን አጋድሞ ቆሟል።

“ጋሼ ፋንታው፣ በፈጠረዎት! መረቡን የወጠርነው በመስከረም አይደለም? ሲስቁብን አልነበረም?”

“የአቦው መዶሻስ?”

“ላሚቱ ካስማዋን ነቅላ፣ መልሼ ስተክለው ነው! ትሂድ ብዬ ልተዋት?”

ፋንታው የራሱን ዱላ ሰነዘረ። ዱላው ግንባሩ ላይ አረፈ፤ ጥላዬ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ፣ በጣቶቹ መሐል ደም ወረደ። ሰዉ አጥሩን ጥሶ ገባ። መረቡ በማጭድ ተተረተረ፣ ቋሚዎቹ ተገነደሱ። አንዱ የወደቀ ፖም አንሥቶ ገመጠና፣ እያላመጠ ሌላውን ቅርንጫፍ በዱላው ይወቅጥ ጀመር።

“ምን ቆመሃል? ቁረጥ እንጂ!” ብሎ ፋንታው ይሻውን ገፈተረው።

ይሻው ቆረጠ። ዛፉ ክንድ ቢያክል ነው፤ በሁለት ምት ወደቀ። ሁለተኛውንም ጣለ። ሦስተኛውን ሲጥል እጁ ለምዶት ነበር።

ውዴ ዘነዘና ይዛ ከቤት ወጣች። ፋንታው በሻሿ ጨምድዶ ጭቃው ላይ ጣላት። ጥላዬ ዓይኑን ደም ሸፍኖት በዳበሳ ሲነሣ፣ ፋንታው ዱላውን በሁለት እጁ ከፍ አደረገ። “ይችን ጭንቅላት ዛሬ እጨርሳታለሁ!”

“እኔ ነኝ!” አለ ይሻው።

ዱላው አየር ላይ ቆመ።

“በአቦ ድንች የረጨሁት እኔ ነኝ። እነሱ ምንም አላደረጉም።”

“ለሷ አዝነህ ነው” አለ ፋንታው። ይሻው እጁን ዘረጋለት። ፋንታው ጣቶቹን አየ፣ ወደ አፍንጫውም አስጠጋቸው። ያን ሽታ የማያውቅ ድንች ዘሪ የለም።

“ልጄን ያነሣህበት እጅ ነው!” ብሎ ጮኸ፤ ዱላውን በዚያው እጅ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ከዚያ በኋላ ማን እንደመታው ይሻው አልለየም፤ ጀርባውን፣ ጎድኑን፣ ጉልበቱን አሉት።

ውዴ ይሻው ከቆረጣቸው ዛፎች አንዱን ከነቅጠሉ እየጎተተች ሰዉን ጥሳ ገባች፤ ፊቱን አንድ ጊዜ ገረፈችው።

“ሦስቱን ከጣልክ በኋላ ነው የምትናገረው?” አንቱ ሳትለው ስትቀር የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያም በሱና በሰዉ መካከል ቆማ ወደ ፋንታው ዞረች። “በረዶውን እሱ አመጣው እንበል። የወንድሜን ደምስ ማን አመጣው?”

ፖሙን ሲገምጥ የነበረው የተረፈውን ከአፉ ተፋና በተጣሰው አጥር ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ፋንታው የመጨረሻው ነበር። ዱላውን አየው፤ የጥላዬና የአበልጁ ደም ጫፉ ላይ ነበር። አልጣለውም። እርጥቡ ሣር ላይ ጠረገውና ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ውዴ ከሻሿ ቀድዳ የወንድሟን ግንባር ታስር ጀመር። ይሻው በግራ እጁ የተገነደሰውን ቋሚ ይዞ ለመነሣት ሞከረ፤ ወደቀ፤ እንደገና ሞከረ። ደግፎ ያነሣው ሰው አልነበረም።