በፌስታል የተቋጠረ ምሳ

እጅጋየሁ ሳን ሆዜ ባለች አንዲት ትንሽ የጃፓኖች ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት ከተቀጠረች ስድስት ወር አልፏታል። ሥራውን ያገኘችላት ሳሌም ናት፤ ኦክላንድ አብረው ያስቀድሳሉ። የሳሌም ባል ጃፓናዊ ነው፤ ልጃቸው ዮዲም እዚያው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። «እንደ ራሴ እመኗት» ብላ ለእጅጋየሁ አፏን ሞልታ የመሰከረችላት ሳሌም ነበረች።

የዚያ ትምህርት ቤት ምሳ ጉድ ነው። ካፌ የለ፣ ምሳ ዕቃ የለ። ተረኞቹ ልጆች ነጭ ሽርጥና ነጭ ቆብ ያደርጉና ድስቱን ከወጥ ቤት በጋሪ እየገፉ አምጥተው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። ሩዙ፣ ሾርባው፣ ዶሮው ወይም ዓሣው፣ ወተቱ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አስተማሪያቸው ሃሩካም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በልጆቹ ትንሽ ወንበር ተቀምጣ፣ ልጆቹ የሚበሉትን ትበላለች። ረዳቷም እንደዚያው። የመጨረሻው ትሪ ሳይሞላ ማንም እጁን አይዘረጋም፤ ተበልቶ ሲያበቃም የሚተርፍ ነገር የለም።

እስከ ጥር ድረስ እጅጋየሁ ረቡዕና ዓርቡንም የገናውንም ጾም እያለፈች፣ ከልጆቹ እኩል እየበላች ደስ ብሏት ኖረች። ጣጣው ሁዳዴ ሲገባ መጣ፤ እሱን ማለፍ አልሆነላትም።

ስትቀጠር በሞላችው ቅጽ ላይ «የማይበሉት ምግብ አለ?» የሚል ጥያቄ ነበረ። «የለም» ብላ ነው የሞላችው። ጾም አይወራም፣ በእኔና በአምላኬ መካከል ያለ ነገር ነው ብላ ራሷን አሳመነች። አባባሉ ያምራል፤ እውነቱ ግን ፍርሃት ነበር። ዳሊ ሲቲ ሆቴል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ስትቀይር ከርማ፣ በሃምሳ አራት ዓመቷ ወንበር ያለው ሥራ ስታገኝ፣ ይቺ ሴትዮ ገና ከመግባቷ አስቸገረች እንዳይሏት ፈራች።

ስለዚህ ሩዙንና አትክልቱን ትበላለች፤ ዶሮውን ልጆቹ ሲያጎነብሱ ጠብቃ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ባለው ፌስታል ትከታለች። ወተቱን ለሚወድ ልጅ ታሳልፋለች። ማንም አላየኝም ትላለች። የሚያናድደው ደግሞ ከዚያ በኋላ ባዶ ትሪዋን ይዛ በልጆቹ መካከል እየዞረች «ጨርሱ» ማለቷ ነው። ዮዲ እንጉዳይ አትወድም። አጠገቧ ትቆምና በጆሮዋ «ጨርሺ የኔ ልጅ፣ ምግብ አይደፋም» ትላታለች። ዮዲም ዓይኗን ጨፍና ትውጣለች።

ፌስታሉን ሁልጊዜ ይዛው ወጥታ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነበር የምትጥለው። አንድ ረቡዕ ግን ምሳ ሳያልቅ ቢሮ ተጠራች። ኪሷ አብጦ እንዳይታይ ፌስታሉን ክፍሉ ጥግ ባለው ቅርጫት ከወረቀቱ ሥር ሸጉጣው ሄደች። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ክፍላቸውን ራሳቸው እንደሚያጸዱ ረስታ አይደለም። ወዲያው እመለሳለሁ ብላ ነበር።

ስትመለስ ፌስታሉ ሃሩካ ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ ተቀምጧል። የዕለቱ ምግብ ዶሮ በእንጉዳይ ነበር። ሃሩካ አልተቆጣችም፤ ማን እንደጣለው ብቻ ጠየቀች። ልጆቹ ሁሉ ወደ ዮዲ ዞሩ። ዮዲ ቀና ብላ እጅጋየሁን አንድ ጊዜ አየቻትና አቀረቀረች። ዝምታዋ ጥፋቷን እንዳመነች ተቆጠረባት።

እጅጋየሁ አፏን ከፈተች። እንግሊዝኛው ጠፋብኝ ልትል ትችላለች። አልጠፋባትም፤ የጠፋባት ወኔ ነው።

እዚያ ቤት ቅጣት የለም። ምግብ የጣለ ልጅ ወጥ ቤት ሄዶ ያበሰለውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ሃሩካ፣ ያገሯ ልጅ ናትና ታጽናናት ብላ እጅጋየሁን ከዮዲ ጋር ላከቻት። አብሳዩ ሽማግሌ እጁን በፎጣ እየጠረገ ወጣ። ዮዲ ከወገቧ ጎንበስ ብላ በጃፓንኛ ይቅርታ ጠየቀች። ሽማግሌው አጸፋውን ጎንበስ አለና፣ ከነገ ጀምሮ እንጉዳዩን አድቅቄ እከትፍልሻለሁ አላት። እጅጋየሁ ከኋላ ቆማ ጣቶቿን ትቆጥር ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ዮዲ እጇን ያዘቻትና በእንግሊዝኛ አንሾካሾከች። ጾም ስለሆነ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እማዬም ትጾማለች አለቻት። ከጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ዶሮውን ስትደብቅ አይታታለች። ለማንም አልተናገረችም።

«ዶንት ወሪ እትዬ» አለች፤ ከሥራ አያባርሩሽም ማለቷ ነበር።

ያኔ እንኳ መመለስ ይቻል ነበር። የሃሩካ ክፍል ሃያ እርምጃ አይሞላም። እጅጋየሁ ግን ለነገ አሳደረችው። ነገ ረጋ ብዬ እነግራታለሁ አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሌም ልጇን ልትወስድ መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«ከስኩል ኮል ሲያደርጉልኝ በሀፍረት ልሞት ነበር» አለች። «እርስዎን እዚህ ያስገባሁ እኔ፣ ልጄ በእርስዎ ፊት እንዲህ ታዋርደኝ? እርስዎ ባይኖሩማ ማን አብሯት ይቆም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «እትዬንም ይቅርታ ጠይቂያቸው።»

ዮዲ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ ምን ጊዜም መልሷ በእንግሊዝኛ ነው። አሁን ግን ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና ቃሉን ፈልጋ አወጣችው።

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

እጅጋየሁ ከዚህ በላይ መሸከም አቃታት።

«ሳሌም፣ እኔ ነኝ» አለች። «ፌስታሉ የኔ ነው። ጾሙን መናገር ፈርቼ ነው። እሷ ምንም አልጣለችም።»

ሳሌም መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጅጋየሁን ትታ ልጇን አየች።

«ታውቅ ነበር?» ብላ እጅጋየሁን ጠየቀቻት።

«ታውቅ ነበር።»

ወጥ ቤት ያላለቀሰችው ዮዲ አሁን ምርር ብላ አለቀሰች። ሳሌም ተንበርክካ እቅፍ አደረገቻትና ብዙ ቆየች። እጅጋየሁ ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብትሰደብ ይሻላት ነበር። ሳሌም ቦርሳውን አንስታ፣ የልጇን እጅ ይዛ፣ ሳትዞር ነው የተናገረችው።

«ስምንት ዓመቷ እኮ ነው፣ እትዬ።»

መኪናው እስኪወጣ ድረስ እጅጋየሁ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ የሃሩካን ክፍል አንኳኳች።