አጥር ሥር የሳለው

በሰቃ ዙሪያ ሰው ግቢ ሲደርሱ በር አይንኳኳም፤ አጥሩ ሥር ቆም ብለው እህህ ይላሉ። ከውስጥ በኦሮምኛ «ኤኙ?» ይባላል፤ ማነው ማለት ነው። ስም ይነገራል፣ ይገባል። ስሎ ስሙን የማይናገር ግን ለመልካም አልመጣም።

ሐጂ አብዱልፈታሕ ለቃሚያቸውን ቲጃኒን የጠመዱት በዚሁ ነው። ጎህ ሲቀድ ቡናቸው ከተሰጣበት የሽቦ አልጋ በኩል ሳል ይሰማሉ። «ኤኙ?» ይላሉ። ዝም። ሲወጡ ቀዩ እሸት መሬት ላይ ተበትኖ ያገኙታል። ቲጃኒ ደግሞ በእሳቸው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ቡናቸውን የሚለቅም፣ አምና የሳንባ መድኃኒቱን ጨርሶ የዳነ፣ ሳሉ ግን ያልለቀቀው ሰው ነው።

«ሳልህን ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ» አሉት መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ። «የተቀደደ ወናፍ!»

«ሐጂ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም።»

«ወላሂን ተዋት፣ አታርክሳት! ጁምዓ ሽማግሌ ይቀመጣል። ጎጆህን አፍርሰህ ትሄዳለህ።»

ቲጃኒ ሌላ መሄጃ አልነበረውም። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ከሽቦ አልጋው ማዶ ቡና ሥር ተጋድሞ ጠበቀ። ጤዛው አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ሳሉን በጋቢው ጫፍ አፍኖ እንደያዘ ሌላ ሳል ሰማ። የራሱን ሳል።

ቀበሮ ነበር። ጎድኑ የሚቆጠር፣ አንገቱን ወደ መሬት ዘርግቶ ሆዱ እስኪታጠፍ የሚያስል። ጋብ ሲልለት ከአልጋው ላይ እሸት እየጎተተ ያላምጣል። ቲጃኒም መቻል አቃተውና ሳለ። ቀበሮው ቀና ብሎ አየው። አልሸሸም፤ የሚሸሽበት ትንፋሽ አልነበረውም። ቲጃኒ ዱላውን ሲያነሳ ያሰበው ሐጂን ነበር። አንዴ በቃው።

በማዳበሪያ ከቶ ሰቃ ከተማ፣ የእንስሳት ሐኪሟ ሩፈይዳ ዘንድ ወሰደው። ጓንት አጥልቃ ደረቱን ከፈተች። ሳንባው ውስጥ ነጭ ክር የመሰሉ ትሎች ተጠላልፈዋል።

«የሳንባ ትል ነው» አለች። «ቀንድ አውጣ ሲበላ ነው የሚይዘው፤ እርጥብ ቡና ሥር መቼም ሞልቷል። አንተ ላይ ያለው ሳል ሌላ፣ ይሄ ሌላ። አይተላለፍም፤ እንዲህ ብላለች በላቸው።»

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቲጃኒ የቀበሮውን ሳንባ ከነትሉ የያዘውን ፌስታል ሽማግሌዎቹ ፊት ፈታው። ሽታው ቀደመ።

«ሌባችሁ ይኸውላችሁ፣ ቀበሮ ነው። ልክ እንደኔ ነው የሚያስለው፤ ሐጂን ያሳሳታቸው እሱ ነው።»

ሰብሳቢው ሼህ ሙስዓብ አፍንጫቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። «ሱብሐነላህ! ሐጂ፣ ልጁ አልሰረቀም።»

የሐጂ ፊት አልፈካም። «እሺ፣ አልሰረቀም» አሉ ቀስ ብለው። «ሳላችሁ ግን አንድ ነው አልክ?»

«አንድ ነው» አለ ቲጃኒ። መዳኛው እሱ ነበርና።

«እንግዲያ ትላችሁም አንድ ነው። ማን ለማን እንደሰጠ አላህ ይወቅ። ይሄ ሰው ቡናችን ላይ ሲያስል ነው የከረመው፣ ጀመዓ!»

«ሐኪሟ አይተላለፍም ብላለች!»

«የከብት ሐኪም!» አለ አንዱ። ተሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ቲጃኒ አጠገብ የተቀመጡት ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉ።

ፍርዱ ለእሱ ሆነ። ጎጆው አይፈርስም፣ ሥራውም አይነካም ተባለ፤ የመዝጊያው ዱዓ ፋቲሓ ተቀራ። እጁን የጨበጠው ግን አልነበረም።

በማግስቱ የመልቀሚያ ቅርጫቱን ይዞ ሐጂ አጥር ሥር ደረሰ። እንደ ደንቡ ቆም ብሎ እህህ ሊል ሲል እውነተኛው ሳል መጣበትና አጎበጠው።

«ኤኙ?» አሉ ሐጂ ከውስጥ።

«ቲጃኒ ነኝ።»

ሰንሰለት ሲፈታ ተሰማ።

«ማነው?» አለች ሚስታቸው።

«ቀበሮ ነው» አሉ ሐጂ፣ እሱ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ውሻውን ፈትቼለታለሁ።»