የምሳ ዕቃው ፊልም

ብርቄ ከዛሪማ ወደ ጎንደር ተመድባ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። በሥራ ሰዓት በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ደም ትመረምራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ የማይመለከታትን ሁሉ ትመረምራለች። እናቷ «ይችን ልጅ አንድ ቀን ጥያቄዋ ይበላታል» ይሉ ነበር።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው የውይይት ክበብ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት። የዚያን ዕለት አጀንዳው አራዳ ባለው ሲኒማ ቤት ሦስተኛ ሳምንቱን የያዘ አንድ የሕንድ ፊልም ነበር። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ስላልተገኘ ከተማው ራሱ ክርስትና አንስቶ «የምሳ ዕቃው ፊልም» ብሎታል።

የክበቡ ሊቀመንበር ጓድ ሀብተሥላሴ መምህር ነው። በግድግዳ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ሂስ ሰው ያስበረግጋል፤ ያን ቀን ግን ከወትሮውም ባሰበት። «ታሪኩ ልፍስፍስ፣ እንባው ርካሽ» ሲል አነበበ። «አንዲት እናት ለታሰረ ልጇ ምሳ ታመላልሳለች። በቃ። ለሰፊው ሕዝብ የሚያስተምረው ነገር የለም። እኔ ራሴ መሃል ላይ አቋርጬ ወጥቻለሁ። ፊልሙ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ እንወስን።»

እጆች ሊወጡ ሲሉ ብርቄ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ቋንቋውን ሳላውቅ አልቅሻለሁ። ለምን እንዳለቀስኩ ሳላውቅ ፊልሙን ብንሸኘው፣ ሳይመረመር እንደ ተደፋ ደም ነው የምቆጥረው። አንድ ሳምንት ይሰጠኝና ጥናት ላቅርብ።»

በዚያ ዘመን «ጥናት» የተባለን ነገር እምቢ የሚል አልነበረም። ሳምንቱ ተሰጣት።

የሌሊት ተረኛ ስለነበረች በየቀኑ የዘጠኝ ሰዓቱን ፊልም ገባች። ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መጋረጃውን ትታ ሰዉን ታይ ጀመር። በፊልሙ ውስጥ ባል ሲሞት ሰዉ ቆሎውን ይቆረጥማል። ቤት ሲቃጠል ያፏጫል። እናትየው ምሳ ዕቃዋን ይዛ እስር ቤቱ በር ስትደርስና ዘበኛው ሁለት ቃል ተናግሮ በእጁ ሲመልሳት ግን አዳራሹ ባንዴ ይናዳል፤ ሴቱም ወንዱም እኩል ይንሰቀሰቃል።

ነገሩ ግራ አጋባት። ዘበኛው እኮ እየሳቀ ነው! ዋሽንቱም የደስታ ነው። እናትየው ቤቷ ስትገባ፣ በእስር ቤቱ የጓሮ በር የተለቀቀው ልጇ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ዘበኛው የነገራት የምሥራች ነበር። ታዲያ የጎንደር ሰው በምሥራች ምን ያስለቅሰዋል?

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከማይጠፉት ከእማማ ይርገዱ አጠገብ ተቀመጠችና ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ምነው እዚህ ላይ አለቀሱ?»

«ጢስ ነው ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሲጋራ የሚያጨስ አልነበረም።

ሲወጡ በር ላይ ትኬት የሚቀደውን አያ የሻውን ያዘችው። አያ የሻው የሳንጃ ሰው ነው፤ ወሬ ይወዳል። ይኸን ጥያቄ ሲሰማ ግን መጀመሪያ ግራ ቀኙን አየ።

«በሰባው ዓመተ ምሕረት የት ነበርሽ?»

«ዛሪማ።»

«እንዲያ ነዋ የማታውቂ። እዚህ ዘበኛው ምሳ ዕቃ ከመለሰ አለቀ። ‹ከዛሬ ወዲያ ምሳ አታምጪ› ካለሽ ልጅሽ የለም ማለት ነው። ማልቀስ ክልክል፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ ክልክል። ይርገዱ የልጇን ምሳ እንደ ትኩሱ ይዛ ተመልሳ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በነጠላ ይዛ ተቀመጠች። ይኸው አራት ዓመቷ።»

ብርቄ ደብተሯን ዘጋች።

«ያ ሊቀመንበራችሁ» አለ አያ የሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሦስት ጊዜ ትኬት ቆርጧል። ሦስቱንም ጊዜ ዘበኛው እጁን ሲዘረጋ ተነስቶ ወጣ። ለታናሽ ወንድሙ ምሳ ያመላልስ የነበረ እሱ ነው።»

ብርቄ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችውን መልስ ባላገኘሁት ብላ ተመኘች። እውነቱን ጽፋ ብታነብ በተከለከለ ሐዘን ላይ የተቀመጡትን ሁሉ በስም አሳልፋ መስጠቷ ነው። ዝም ብትል ፊልሙ ይሄዳል፤ እማማ ይርገዱም ወደዚያ ዝምታቸው ይመለሳሉ። ፈራች፤ አዘነችም።

ቅዳሜ እንደገና አጠገባቸው ተቀመጠች። ለምን እንደሚያለቅሱ አልጠየቀችም። «እማማ፣ ለምን በየቀኑ ይመጣሉ?» አለች።

«ለልቅሶውማ ቤቴስ መቼ አነሰኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ቤቷ ስትገባ ልጇን ታገኘው የለ? ለዚያ ነው የምመጣ።»

ብርቄ ማታ የደብተሯን ገጾች ገንጥላ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው።

እሑድ ሀብተሥላሴ «ጓዲት ብርቄ፣ የጥናትሽ ውጤት?» አላት።

«ሰዉ ለምን እንደሚያለቅስ አላገኘሁም» ብላ ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች። «ያገኘሁት ሌላ ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ በእርስዎ ሂስ ላይ የፊልሙ የኋላ ክፍል የለም።»

ሊቀመንበርን እንዲህ መናገር ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቃል።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምሳ ዕቃው ከተመለሰ በኋላ ያለውን አላዩትም። እናትየው ቤቷ ስትገባ ልጇ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ምሳ ዕቃውን ከእጇ ይቀበላታል።»

ሀብተሥላሴ የያዘውን ወረቀት ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነበር፤ ቢሆንም ብዙ አየው።

«ይበላዋል?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም።

«ይበላዋል ጓድ። እሷም ታጎርሰዋለች።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ግማሹን ያየ ሰው ሂስ ሊሰጥ አይገባውም። ውሳኔው ይቆይ» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ብርቄ ቃለ ጉባኤው ላይ «ይቆይ» ብላ ጻፈች።

ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓቱ ፊልም አያ የሻው ትኬቷን ሲቀድ በአገጩ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አመለከታት። ሀብተሥላሴ ኮቱን እንደ ለበሰ ከእማማ ይርገዱ አጠገብ ተቀምጧል። ብርቄ ከኋላቸው ገባች።

እናትየው ምሳ ዕቃዋን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። ዘበኛው እጁን ዘረጋ። አዳራሹ መንሰቅሰቅ ሲጀምር ሀብተሥላሴ ከመቀመጫው ተነሳ።

እማማ ይርገዱ ዓይናቸውን ከመጋረጃው ሳይነቅሉ የኮቱን ጫፍ ያዙት።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉት። «ቤቷ እስክትገባ ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ።