አሜን የተባለበት አውራ ዶሮ

እናንተዬ፣ ዶሮ አንዴ ከተሸጠ በቃ ተሸጠ የምትሉ ከሆነ የክያንዲሊን መንደር አታውቋትም ማለት ነው። በካምባዎች አገር ሀራምቤ የሚሉት የመዋጮ ድግስ የተጠራ ቀን አንድ ዶሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሸጥ ይውላል። የገዛው ሰው ገንዘቡን ይሰጥና ዶሮውን ከፍ አድርጎ «ድገሙት!» ይላል። ደግሞ ይሸጣል። ሌላው ይገዛል፤ እሱም «ድገሙት!» ይላል። ማታ ላይ ዶሮው የማን እንደሆነ ለራሱም ግራ ይገባዋል፤ ገንዘቡ ግን ይጠራቀማል። ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው፣ በሽተኛ የሚታከመው፣ ልጅ የሚማረው በዚሁ ነው። እግዜር የሰጠው ብልሃት ነው፤ አይናቅም።

የዚያን እሑድ ዶሮውን ያመጣችው ካሌክዬ ናት። ቀይ አውራ ዶሮ ነው፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ሹም የሚራመድ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሌላ የምትሰጠው ነገር አልነበራትም።

ሀራምቤው ለትምህርት ቤቱ ጣራ ነው። የክያንዲሊ ወንዝ አሸዋ ነው እንጂ ውኃ አይደለም፤ ውኃው የሚገኘው አሸዋውን በእጅ ጭረው ሲቆፍሩ ነው። ከዚያው አህያም ይጠጣል፣ ከብትም ይጠጣል፣ ልጆቹም በየጀሪካናቸው ቀድተው ትምህርት ቤት ይወስዳሉ። ከዚያ ሆድ ቁርጠት ነው፣ ተቅማጥ ነው። ሰዉ ተረባርቦ ትልቅ የዝናብ ውኃ ታንከር በድንጋይ ገነባ። ታንከሩ አለቀ፤ ጣራው ግን ሣር ነው። ከሣር ጣራ ምን ይወርዳል? ጭራሮና ጊንጥ! ዝናቡ ተንሸራቶ ታንከሩ ውስጥ እንዲገባ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። የትምህርት ቢሮ ሰዎች ደግሞ መጥተው፣ «ዝናቡ ሳይገባ ቆርቆሮ ካልለበሰ የላይኞቹን ክፍሎች እንዘጋለን፤ ልጆቹ ማዶ ሄደው ይማሩ» ብለው ሄዱ።

ማዶን ካሌክዬ ታውቃታለች። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች ልጆቿም ማዶ ይማሩ ተብለው ነበር። መንገዱ ራቀ፣ መሸባቸው፣ አንድ ቀን ቀሩ፣ ሁለት ቀን ቀሩ፤ ከዚያ ተዳሩ። አሁን የቀረቻት ንዳኑ ናት፣ ሰባተኛ ክፍል የገባችው። «ጌታ ሆይ፣ ሁለቱ አምልጠውኛል፤ ይቺን እንኳ አታስመልጠኝ» ስትል ነው የሰነበተችው።

ዶሮውን የሚያጫርተው ፓስተር ንዚዮካ ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ሁልጊዜ ለማሟሟቂያ ነው። አንዱ ትንሽ ይጠራል፣ ይሳቃል፣ አሜን ይባላል፣ ዶሮው ይመለሳል፣ ጨዋታው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለዚህ ጀግና ዶሮ ማነው የሚጀምርልኝ?» አለ ፓስተሩ።

«ሃምሳ ሽልንግ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሙዜ ሙቶካ! ሙዜ ሙቶካ ማለት ሞምባሳ ወደብ ላይ ዘበኛ ሆነው አርጅተው የተመለሱ፣ ከኮረብታው ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሀራምቤ ሲባል እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ያን ቀን ያመጣቸውም የድግሱ ሽታ ነው።

ፓስተሩ ደስታው አሰከረው። «ጌታ ይመስገን! የሙዜም ልብ ተከፈተ! ሃምሳ ተሸጠ! አሜን በሉ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ሙዜ ሃምሳዋን አስቀመጡ። ዶሮውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ወደ ኮረብታው መንገድ ጀመሩ።

«ሙዜ! ድገሙት ይበሉ እንጂ!»

«ምኑን ነው የምደግመው? አንድ ዶሮ ይበቃኛል።»

«የሀራምቤ ዶሮ እኮ ነው!»

«ፓስተር፣ አሜን አላልክም?»

«ብያለሁ፤ ግን…»

«አሜን ከተባለ በኋላ የሚመለስ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ካለ ጥቀስልኝ።»

ፓስተሩ መጽሐፉን ያገላብጥ ጀመር፤ ሙዜ ግን መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዶሮው በኋላ ፓፓያ አወጡ፣ እንቁላል አወጡ፤ የሚገዛ ጠፋ። ባለሱቁ ኪሎንዞ ኪሱ ሞልቶ መጥቶ፣ «ያለ ዶሮማ ሀራምቤ የለም፤ ሙሽራዋ ጠፍታ ሰርግ ይበላል?» ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ካሌክዬ ዶሮዋ ሽቅብ ሲወጣ ታያለች፤ ከሙዜ ብብት ጭራው ብቻ ይወዛወዛል። አብሮት የሚሄደው ግን ዶሮ አልመሰላትም፤ ንዳኑ መሰለቻት።

«ተዪው፣ እግዜር ያውቃል» አሏት ሴቶቹ።

«እግዜርማ ያውቃል። የሰውዬውን ቤት ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ» አለችና ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ተከተለቻቸው።

ስትደርስ ዶሮው ላባ አልነበረውም።

«ስዮካው! ምነው እንዲህ ተቻኮልሽ?» አለቻት የሙዜን ሚስት።

«ምን ላድርግ እህቴ? ሰውዬው ገና ከታች ሲመጣ ነው ውኃ አሙቂ ብሎ የጮኸው።»

ሙዜ ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የቆርቆሮ ክምር አለ። ከወደብ ሲሰናበቱ ለቤታቸው ጣራ ብለው የገዙት ነው፤ «የዘንድሮ ዝናብ ይለፍና» እያሉ ስንት ዝናብ አለፈ። ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። ስዮካው ጣራው ሲያፈስ ራስጌዋ ድስት ደቅና ትተኛለች።

«ሙዜ፣ የእርስዎ ልጅ ምቢቴና የኔዋ ምዊካሊ ከትምህርት ቤት የቀሩት እኮ ባንድ ሳምንት ነው» አለች ካሌክዬ።

ሙዜ በርጩማቸውን ወደ ጥላው ሳብ አደረጉ። «እኔ ዶሮ ነው የገዛሁት። ያለፈ ነገር አልገዛሁም።»

ካሌክዬ ወደ ስዮካው ዞረች። ያኔ ነው ስዮካው መፍጫዋን ስታጥብ ያየቻት፤ ያቺን ዶሮ እህል የሚፈጭባትን። እናንተ ቤት ፈረሰኛ የምትባለው ብልት እንዴት እንደምትከበር ታውቃላችሁ? ካምባዎች ቤት መፍጫ ትብሳለች። የአባወራው ናት። ሴት አትቀምሳትም፣ ወጣት አይነካትም። በሰው ቤት ገብቶ መፍጫ የበላ ሰው አባወራውን በቁሙ ቀበረው ይባላል።

ጌታ ሐሳብ ጣለላት።

«ሙዜ፣ ዛሬ እንግዳ ቢመጣብዎ ያበላሉ?»

«የካምባ ሰው እንግዳ ሲመልስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ለእንግዳ ድስት አይደበቅም። ነይ ቁጭ በይ፤ ክንፍ ይደርስሻል።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» አለችና ቁልቁል ሮጠች።

«ዶሮው አለ!» አለችው ፓስተሩን እያለከለከች።

«ሊመልሱት ነው?»

«አይ፣ ድስት ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሠራልናል?»

«ከድስት አይሸጥም ያለው ማነው? እንግዳ አልመልስም ብለዋል በገዛ አፋቸው።» ኪሎንዞን ደግሞ በአጠገቡ ስታልፍ፣ «መፍጫዋ ትልቅ ናት» ብቻ አለችው። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ ውሸት ከአፏ አይወጣም። ኪሎንዞና ሙዜ ግን በአንዲት ፍየል የተነሳ ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ ያንንም ታውቃለች።

ሕዝቡ እየዘመረ ኮረብታውን ወጣው። ሙዜ ብድግ አሉ።

«ምንድነው ይሄ? ማን ሞተ?»

«ዶሮው!» አለ አንዱ።

«እንግዶች ነን፣ ሙዜ» አለ ፓስተሩ ባርኔጣውን አውልቆ።

ሙዜ ሕዝቡን አዩ፣ ድስቱን አዩ። እንግዳ አይመለስ ነገር። ስዮካው ድስቱን እንዳለ አምጥታ መሐል አስቀመጠችው፤ ፊቷ ላይ ሳቅ ትሸሽጋለች።

«ለእንግዳ የቀረበ የእንግዳ ነው!» አለች ካሌክዬ። «እንግዳው ደግሞ ድገሙት ይላል!»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! አንገቱ ተሸጠ፣ እግሩ ተሸጠ፣ መረቁ በጭልፋ ተሸጠ። አንዱን ክንፍ ሦስት ሰው ነው የገዛው፤ ሦስተኛው የደረሰው አጥንቱ ነው፤ እሱም «ድገሙት!» ብሎ አጥንቱን አነሳ። ቀስ እያለ የሙዜም ከንፈር ፈገግ ማለት ጀመረ፤ ፓስተሩ መፍጫዋን በማንኪያ እስኪያወጣት ድረስ።

«ሺህ ሽልንግ!» ብሎ ኪሎንዞ ተነሳ።

«ቁጭ በል አንተ!» ሙዜ ጮኹ። «ስዮካው! መፍጫዋን ለምን አወጣሻት?»

«ለእንግዳ ድስት አይደበቅም ስትል ሰምቼ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሙዜ ኪሳቸውን ገለበጡ፤ ኪሎንዞ ጨመረ። ሙዜ ከኮፍያቸው ሥር ያስቀመጧትንም አወጡ፤ ኪሎንዞ አሁንም ጨመረ።

«ካለቀብዎ ይተዉት፣ ሙዜ» አለ እጁን ወደ ማንኪያው እየሰደደ። «እኔ ቀስ ብዬ አኝካታለሁ፤ ስለ እርስዎም እያሰብኩ።»

«ቆርቆሮ!» አሉ ሙዜ።

ኪሎንዞ እጁን ሰበሰበ።

«ስንት ቆርቆሮ?» አለ ፓስተሩ።

ሙዜ ክምሩን አዩት። ቀጥለው ካሌክዬን አዩዋት፤ ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞልቷል፣ አልደበቀችም። ሙዜ ድምፃቸው ወረደ።

«ምቢቴ ልጅ ወልዳለች» አሉ፣ ለድስቱ የሚነግሩ ይመስል። «ሴት ናት።» ከዘራቸውን ወደ ክምሩ ዘረጉ። «ሁሉንም! ሁሉንም ቆርቆሮ!»

«አሜን በሉ!»

አሜኑ ማዶ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ፓስተሩ መፍጫዋን አቀረበላቸውና፣ «ድገሙት አይሉም፣ ሙዜ?» አላቸው። ሙዜ ሳያኝኩ ነው የዋጧት። ከዋጡም በኋላ፣ «ምስማሩን የምመታው እኔ ነኝ፤ እናንተ ታጣምሙታላችሁ» አሉ።

«የስዮካውስ ጣራ?» አለች ካሌክዬ።

«እኔን ተዉኝ» አለች ስዮካው። «ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲንጫጫ እንቅልፍም አይወስደኝ።» ካሌክዬ ግን እሺ አላለችም። ከተሰበሰበው ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ አሸንዳና ቧንቧ ተገዛና፣ በተረፈው የስዮካው ጣራ በአዲስ ሣር ተከደነ።

የትምህርት ቢሮ ሰዎቹ መጡ፣ ጣራውን አዩ፣ ክፍሎቹን ሳይዘጉ ሄዱ። ንዳኑ ዛሬም እዚያው ትማራለች፤ ፀሐዩ ሲበረታ ቆርቆሮው ጠሽ ጠሽ ሲል ክፍሉ ሁሉ ይስቃል አሉ። ሙዜ በየጠዋቱ ወርደው ታንከሩን በከዘራቸው ያንኳኩታል። ባዶ ነው። ሰማዩ እስካሁን አንዲት ደመና የለበትም።

«እኔ የኔን ሰጥቻለሁ፤ የቀረው የጌታሽ ነው» ይሏታል ካሌክዬን።

እሷም ለጸሎት ከመንበርከክ ጉልበቷን አላሳረፈችም። እናንተም እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ስትጸልዩ ለክያንዲሊ ዝናብ አንዲት ቃል ጨምሩላት።